ቢሻውን በሁለት ዓይን የሣልሁበት ቀን

ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ከይፋግ ወደ ደብረ ታቦር በሚያወጣው የእግር መንገድ ዳር አንድ የዋሻ አፍ በናዳ ተደፈነ። በውስጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው እኔ ነኝ።

ሰዓቱ በግምት ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ ስለ ነበር ፀሐይ አልታየችም። ቀኑ ግን እርግጥ ነው። የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

በዚያ ዘመን በደብረ ታቦር የጦር ሰፈር ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራዬ የሆነውን መጻፍ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ይዞ። ለአዛዦች የሚላከው ወሬ በእኔ እጅ ያልፍ ነበር። ያየሁትን «አየሁ»፣ የተነገረኝን «ተነገረኝ» እያልሁ መለየት የለመድሁት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ የሰማሁትን እንዳየሁ አድርጌ ጽፌ ከጅራፍ ለጥቂት ተርፌአለሁ። ይህንንም በዚያው ልማድ እጽፈዋለሁ።

ከጸሐፊነቱ በፊት ሠዓሊ ነበርሁ። ይፋግ አጠገብ ባለ ደብር ከአንድ ሽማግሌ መምህር ሥዕል ተምሬአለሁ። መምህሬ ሲሞቱ ሦስት ነገር ተዉልኝ፤ በቀንድ የታሸገ ሰማያዊ ቀለም፣ እንደ ወተት የነጣ ብራና ሁለት ቅጠል፣ ለቀጭን መስመር የሚሆን አንድ የጠጉር ብሩሽ። ቀለሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እኛ ከቅጠልና ከአፈር የምናወጣው ሰማያዊ ከእሱ አጠገብ ሲቀመጥ አመድ ይመስላል። መምህሬ ራሳቸው ሳይነኩት ነው የሞቱት።

እኔም ዐሥራ አንድ ዓመት ሳልነካው ኖርሁ። ሦስት ቤተ ክርስቲያን ስሣል፣ ሦስቱንም ጊዜ ቀንዱን አውጥቼ አየሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ «ለዚህ አይሆንም፣ እጄ ሲበስል» ብዬ መለስሁት። ቤት ትቼው ለመሄድ ማንንም ስለማላምን ከብራናውና ከብሩሹ ጋር በማኅደር ከትቼ በትከሻዬ እይዘዋለሁ። ስተኛ ትራሴ ነበር።

በዚያ ቀን ወደ ሰፈር ስመለስ በረዶ መንገድ ላይ ያዘኝ። ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ መንገደኛ የሚጠለልበት ዋሻ አለ፤ ወደዚያ ሮጥሁ። ስደርስ አንድ ሰው ቀድሞኝ ተቀምጧል። ግራ ጉንጩ ላይ እሳት የበላው ጠባሳ፣ ጭኑ ሥር የቆዳ ከረጢት፣ ከከረጢቱ የወጣ የመዶሻ እጀታ። ቀጥቃጭ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በአገራችን ባለ እጅ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል፤ ከአጠገቡ የሚቀመጥ የለም። እኔም በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ በረዶው ጀርባዬን ይቀጠቅጠዋል።

«ይግቡ እንጂ መሪጌታ» አለኝ። «ጾም ነው፤ ሰው አልበላም።»

ልቆጣ ወይስ ልሳቅ ሳልቆርጥ ገባሁ። ርቄ ተቀመጥሁ። ስሙ ቢሻው እንደሆነ፣ መንደሩ ከዚሁ ገደል ማዶ እንደሆነ፣ ወደ ጋፋት ለብረት ሥራ ተጠርቶ እየሄደ እንደሆነ ነገረኝ። እኔም የበሶዬን ከረጢት ልፈታ እጄን ስሰድድ ከበላያችን እንደ ነጎድጓድ ያለ፣ ግን የማይቋረጥ ድምፅ መጣ። ከዚያ ብርሃኑ ጠፋ።

አቧራው ሲሰክን መጀመሪያ የሰማሁት የቢሻውን ትንፋሽ ነው። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ድንጋይ ሥር ነበር።

«መዶሻው ከከረጢቴ ነው» አለኝ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ያውጡትና ድንጋዩን ከጥጉ ይምቱት። መካከሉን እንዳይመቱት፤ እኔ ላይ ነው የሚሰበረው።»

ከልጅነቴ ወዲህ መዶሻ ይዤ አላውቅም። እሱ እያዘዘኝ፣ እኔ እየመታሁ፣ ድንጋዩ ለሁለት ተከፈለ። እግሩን ሳወጣ አጥንቱ መሰበሩ በእጄ ታወቀኝ። ለብዕር የሚሆን አንድ እስር መቃ ይዤ ነበር፤ እሱን በእግሩ ዙሪያ ደርድሬ በጥምጣሜ አሰርሁት። መቃውን ስሰጥ ቅንጣት አላመነታሁም። ይህን የምጽፈው ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር እንዲተያይ ነው።

ወደ ደጁ ሄጄ ናዳውን በመዶሻ ሞከርሁት። አንድ ስመታ ሁለት ይወርዳል። በአራተኛው ምት ራስ የሚያህል ድንጋይ ትከሻዬን አልፎ ወደቀ፤ ተውሁት።

ብርሃን የሚመጣው ከኋላ ነበር። በዋሻው ግርጌ ቀጭን ፈሳሽ ውሃ ይሄዳል፤ የሚወጣበት ስንጥቅ ስፋቱ አንድ ክንድ ይሆናል፣ ቁመቱ ግን ከሦስት ጣት አይበልጥም። በደረቴ ተኝቼ ባይ ከብርሃን በቀር የሚታይ ነገር የለም።

«የመንደራችን ምንጭ ነው» አለ ቢሻው። «ከዚያ ወዲያ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ይወርድና ሴቶቹ ይቀዱታል። እኛ ቀጥቃጮቹ ከእነሱ በታች ነው የምንቀዳው።»

ወዲያው የማታው ዝናብ ጨመረ። ውሃው ከፍ ብሎ ስንጥቁን ሞላው፤ ዋሻው ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ጨለማም ሆነ። ቢሻውን ጎትቼ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አወጣሁት። ሲነጋ ውሃው ጎደለ፣ ስንጥቁም ተከፈተ። ይህን ልብ ብዬ ያዝሁት፦ ጠዋት ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። ዝናቡ በርትቶ አንድ ሌሊት ባያባራ ደግሞ ከፍ ያለውም ድንጋይ አይበቃንም።

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ጠዋት የሴቶች ድምፅ ሰማን። አፌን ወደ ስንጥቁ አስጠግቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህሁ።

ከታች ጸጥታ ሆነ። ከዚያ አንዲት ሴት «ሰማሽ?» አለች።

«ምኑን?»

«ውሃው ውስጥ ሰው ይጮሃል።»

«በስመ አብ! የውሃው ባለቤት ነው! ሩጪ፣ ተይው እንስራውን!»

አንድ ሸክላ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ የእግር ኮቴ፣ ከዚያ ውሃው ብቻ።

ቢሻው ከኋላዬ ሳቀ። «ድምፅዎ ለማሕሌት እንጂ ለእርዳታ አይሆንም መሪጌታ።»

ሌላ ዘዴ አሰብሁ። በማኅደሬ ውስጥ ከመምህሬ ብራና ሌላ ከብራና ጠርዝ የተቆረጠ ጠባብ ቁራጭም ነበረኝ፤ ለመለማመጃ የምይዘው ነው። በተራ ጥቁር ቀለም «ሁለት ሰዎች ከምንጩ በላይ፣ ከገደሉ ጀርባ ባለው ዋሻ በናዳ ተዘግተናልና ድረሱልን» ብዬ ጻፍሁበት፤ ከተረፈ መቃ ጋር አስሬ አዘጋጀሁት። ሴቶቹ ሌላ ውሃ የላቸውምና ፀሐይ ከፍ ሲል ተሰብስበው ተመለሱ። ለቀቅሁት።

«እዪው! ምንድን ነው የመጣው?»

«ክታብ ነው! በማርያም እንዳትነኪው!»

«ማን ጣለው? ለማን የተደረገ ነው?»

«ማንም ይሁን፣ አንቺ ምን ቸገረሽ? በእንጨት ግፊው፤ ጥላሽ እንኳ እንዳያርፍበት!»

ገፉት። ወንዝ ይዞት ሄደ።

«አዩ» አለ ቢሻው። «ጠባብ ብራና፣ ጥቁር ጽሕፈት፣ እስሩ በክር። ለእነሱ ያ ክታብ ነው፤ የጠፋ ክታብ ደግሞ መተት ነው። እኔ ባለፍሁ ቁጥር አንገታቸው ላይ ያለውን ጨብጠው ነው የሚያልፉኝ፤ መልኩን ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ልላክ?»

«የማይፈሩትን ነዋ። አንስተው የሚስሙትን።» ዓይኑ ማኅደሬ ላይ ነበር። «ሌሊቱን ሙሉ የታቀፉት ምንድን ነው?»

«ዳዊት ነው» አልሁት። ዋሸሁት።

«ዳዊት እንደዚያ አይታቀፍም።»

ነገርሁት። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ብራናው፣ ስለ መምህሬ። ሲሰማ ቆየና «ታዲያ ጥሩ ነዋ» አለ። «ዛሬ ነፋስ የለ፣ ጭስ የለ፣ የሚያቋርጥዎ ሰው የለ። የእመቤታችንን ሥዕል ይሣሉና ከሥሩ ያለንበትን ይጻፉ። የእሷን መልክ በእንጨት የሚገፋ የሴት ልጅ የለችም።»

«በናዳ ውስጥ፣ በጭቃ እጅ፣ እየቸኮልሁ?»

«ከዚህ ወጥተው በንጹሕ እጅ ሊሠሩት አስበው ነበር?»

«ነገ መንገደኛ ያልፍ ይሆናል።»

«ያልፍ ይሆናል» አለ።

የዚያን ቀን ያደረግሁትን አልደብቅም። እስከ ከሰዓት በኋላ ምንም አላደረግሁም። ማኅደሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። መንገደኛ ይመጣል አልሁ። ዝናቡ ዛሬ ላይዘንብ ይችላል አልሁ። ሥዕሉ ስንጥቁ ውስጥ ተሰንቅሮ ቢቀር ቀለሙ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው አልሁ። ምክንያት ማግኘት አያቅተኝም ነበር፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ልምድ ነበረኝ። በዚያ መካከል ቢሻው ትኩሳት ያዘው። ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት፤ ጥቂት ቆይቶ እንዳልጠጣ ሆኖ ደግሞ ጠየቀኝ።

«መሪጌታ» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ እዚህ ሞተን ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ዋሻውን ቢከፍት፣ ያን ቀንድ ያገኛል?»

«ያገኛል።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«ያስቃል» አለ፤ ግን አልሳቀም።

ማኅደሩን ፈታሁ። ቀለሙ ደኅና ነበር። ብራናው ደኅና ነበር። ብሩሹን ከጨርቁ ሳወጣ እጀታው ብቻ በእጄ ቀረ፤ ጠጉሩ እንደ ዱቄት ጨርቁ ላይ ረገፈ። ከሰው እጅ የጠበቅሁትን ብል በልቶታል። መቼ እንደ በላው አላውቅም። እስከ ዛሬ ሳስበው፣ ከናዳው ይልቅ ያ ዱቄት ነው ያስደነገጠኝ።

ቢሻው አየና አገጩን ወደ እኔ አዞረ። «ይቁረጡ። ጺሜ ወፍራም ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን ለስላሳ ነው።» በብዕር መቅረጫ ቢላዬ ቆረጥሁ። ስቆርጥ «የባለ እጅ ጺም ነው እንግዲህ፤ እመቤታችን አትቀየመኝም ይሆን?» አለ። ጠጉሩን በመቃ ጫፍ በክር አሰርሁት። ጥሩ ብሩሽ ወጣው።

ሙጫ ነበረኝ፤ ጧፍም ነበረኝ። ከራሴ የጸሎት መጽሐፍ ሁለቱን የእንጨት ገበታ ገነጠልሁ፤ የመጀመሪያውን ቅጠል በአንደኛው ላይ ወጠርሁ። ቀንዱን ከፍቼ ቀለሙን በሙጫ በጥብጬ ብሩሹን ሳነሣ የመጀመሪያው ጠብታ ካሰብሁበት ውጭ፣ ነጩ ላይ ወደቀ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ ዙሪያውን ጨረር አወጣሁለትና ኮከብ አደረግሁት። ከዚህ በኋላ አላመነታሁም። መጎናጸፊያዋን በዚያ ሰማያዊ ሞላሁት፤ ፊቷን፣ እጆቿን፣ ልጇን ሣልሁ። ከእግሯ ሥር ያለንበትን ቦታ በጉልህ ጻፍሁ። ሲደርቅ ውሃ እንዳያገኘው የጧፍ ሰም አቅልጬ በላዩ አፈሰስሁ። በዚያ ምሽት ውሃው እስከ ጉልበት መጣ። ገበታውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ አደርሁ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ በዓል፣ ጠዋት ስንጥቁ እንደ ተከፈተ የሴቶቹን ድምፅ ጠብቄ ለቀቅኋት። ገበታው በጀርባው ተንሳፍፎ ወጣ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ አንዲት ሴት እንደ ታነቀ ሰው ያለ ድምፅ አወጣች።

«እመቤቴ! በበዓልሽ ቀን! ከውሃ ውስጥ!»

እልልታው ቀለጠ። ቢሻው እጄን ያዘኝ። «አንሷት! አንሷት!» ይላል በሹክሹክታ።

«እንዳትነኳት! የሴት እጅ አይገባም! አባ ገበዝን ጥሩ!»

ጠበቅን። ሰው እየበዛ መጣ። አንድ የጎረነነ የወንድ ድምፅ ጸሎት ሲያደርስ ሰማን። ከዚያ ከበሮ። ከዚያ መዝሙር። መዝሙሩ አለቀ ስንል ሌላ ይጀመራል፤ ብንጮህም ከበሮው ድምፃችንን ይውጠዋል።

«ምን ሆኑ?» አለ ቢሻው።

«ይዘምራሉ።»

«ጽሕፈቱንስ? አላነበቡትም?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ቅዱስ ሥዕል ሲገኝ ካህን በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ እንዲሁ ገልጦ የሚያየው የለም። ይህ የእኛው ሥርዓት ነው፤ እኔ ራሴ ለስንት ደቀ መዝሙር አስተምሬዋለሁ። ስሣል ግን አንድ ጊዜም አላሰብሁትም። በኋላ ገበዙን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ ገና ከውሃው ሲያወጧት ዓይናቸውን ከፊቷ ላይ ሳያነሡ በነጠላቸው ሸፍነዋት ነበር። ወደ ታች አላዩም።

ለቢሻው ነገርሁት። ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ፤ ሲስቅ እግሩ እየነዘረው ያቃስታል፤ አቃስቶ ደግሞ ይስቃል። «እንግዲህ ምንጩን ጠበል ያደርጉታል። ቤተ ክርስቲያንም በአናታችን ላይ ይሠሩልናል። መቃብር ሳይቆፈርልን በቅድስት ቦታ ተቀበርን!»

ስንጥቁን አየሁ። ውጭው እየጠቆረ ነበር። ቢሻው ከሳቁ በኋላ ዓይኑን ጨፈነ፤ በእግሩ ላይ ያለውን ቆዳ ስነካው እንደ እሳት አቃጠለኝ። ሌላ ሌሊት አይወጣውም። ይህ ግምት አይደለም፤ በሰፈር ስንቱን ቁስለኛ አይቻለሁ።

«ሁለተኛው ቅጠል አለ» አልሁት። «ቅዱስ ብሣል ይሸፍኑታል። የሚያውቁትን ሰው መሣል አለብኝ። አንተን ያውቁሃል?»

«የእኔን ማረሻ ያልያዘ ሞፈር በዚያ መንደር የለም።»

«ፊትህን ማለቴ ነው።»

«ይፈሩታል። ሰው የሚፈራውን ፊት አይረሳም።» ትንሽ አሰበና «በአንድ ዓይን ነው የሚሣሉኝ እንግዲህ» አለ። ሲናገር ቅሬታ አልነበረበትም።

አንባቢ ያውቀው ይሆናል። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ነው የሚሣለው፣ በሁለት ዓይን። አይሁድ፣ ሰይጣን፣ ጨካኝ ወታደር ከጎን ነው፣ በአንድ ዓይን። ቀጥቃጭን በየትኛው መሣል እንዳለብኝ መምህሬ ቢጠየቁ ሳያመነቱ ይመልሱ ነበር። እኔም ሰው ሥዕል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አሰብሁ። አንድ ዓይን ያለውን በእንጨት ይገፋል። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነበር። ሌላውን ምክንያት አሁን መጻፍ እችላለሁ፤ ያኔ ግን ስም አላገኘሁለትም ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ከጎኑ መቀመጥ የፈራሁት ሰው ፊት ለፊቴ ነበር፤ ሁለት ዓይን ነበረው።

«በሁለት ዓይን ነው» አልሁት።

ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዞረ። ቆይቶ፣ ሳይመለስ፣ «ጠባሳዬን እንዳይረሱት» አለ። «የግራው ጉንጭ ነው።»

«ፊትህን ካላዞርህ እንዴት አየዋለሁ?»

ዞረ።

ያን ያህል ፈጥኜ ሥዬ አላውቅም። ጠባሳውን፣ የተቆረጠውን ጺሙን፣ መዶሻውን፣ ድንጋይ ሥር ያለ እግሩን። በራሱ ዙሪያ የብርሃን አክሊል አላደረግሁለትም። ጎርፉ ደፍርሶ ሊመጣ ስለሆነ ከሩቅ እንዲለይ የቀረውን ቦታ ሁሉ በሰማያዊው ሞላሁት። ቀለሙ አላዳረሰኝም፤ ቀንዱን በውሃ አጥቤ ዝቃጩን ጨመርሁበት። ከላይ «ቢሻው በዋሻ አለ፤ የመጀመሪያውን ሥዕል ግርጌ አንብቡ» ብዬ ጻፍሁ። ሰሙን ሳፈስ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ።

ውሃው ስንጥቁ ላይ ሊደርስ አንድ ጣት ቀርቶት ነበር። ሁለተኛውን ገበታ ሰደድሁት። ተሰነቀረ። እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ ገፋሁት፤ ቆዳዬ ሲላጥ ይሰማኛል። ወጣ።

መዝሙሩ መሀል ላይ ቆመ።

«ሌላ መጣ! ሌላ! ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ጊዮርጊስ ይሆናል።»

«መዶሻ ይዞ? ጊዮርጊስ ምን ሊሠራበት?»

«ቆይ… ቆይ እስቲ። ይሄ ቢሻው አይደለም እንዴ?»

«የቱ ቢሻው?»

«ቀጥቃጩ ነዋ! ጠባሳውን እዪው! ማረሻዬን ይዞ የጠፋው!»

ከዚያ የጎረነነው ድምፅ ሁሉንም አሰጠመ። «ዝም በሉ! ጽሕፈት አለበት! ዝም በሉ አልሁ!» ሲያነብ ቃል በቃል ሰማሁት። የመጀመሪያዋን የገለጡት ያን ጊዜ ነው።

የሴት ድምፅ ወደ ስንጥቁ ቀረበ። በኋላ እንደ ተነገረኝ ብርቄ የምትባል፣ በዋዜማው ጠዋት እንስራዋን ሰብራ የሮጠችው ሴት ናት፤ በድንጋዩ ላይ ተንጠልጥላ ነው የተጣራችው።

«ቢሻው! አለህ ወይ?»

ቢሻው ቀና አለ። «አለሁ እቴ ብርቄ! ማረሻሽም ተሠርቷል፤ ከቤቴ ውሰጂው!»

ውሃው ስንጥቁን ዘጋው። ከዚህ በኋላ የሆነውን በጨለማ ቆመን በጆሮ ነው የጠበቅነው። ውሃው ጉልበት፣ ከዚያ ጭን፣ ከዚያ ወገብ ደረሰ። ቢሻውን በጀርባዬ አዘልሁት። ክንዱን በአንገቴ ዙሪያ ሲያደርግ «መቼም አሁን ልብላዎት ብል አያመልጡኝም» አለኝ። ትንፋሹን እያዳመጥሁ ቆምሁ። ከደጁ በኩል የዶማ ድምፅ ስሰማ ነገርሁት፤ አልመለሰልኝም።

ናዳው የተከፈተው ሊመሽ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ነው። ስንት ሰው እንደ ነበረ አልቈጠርሁም። ቢሻውን በቃሬዛ ተሸክመው በገደሉ ዞረው ወደ መንደሩ አወረዱት። ከተሸከሙት መካከል አንገቱን የጨበጠ አላየሁም፤ የሁሉም ሁለት እጅ ተይዞ ነበር።

ይህ ነው የሆነው። ምን እንደ ለወጠብኝ ለሚጠይቀኝ የማውቀውን ልናገር።

ከዚያ ወዲህ ቀለም አላስቀመጥሁም። መልካም ቀለም በእጄ ሲገባ በዚያው ሳምንት በያዝሁት ሥራ ላይ አውለዋለሁ፤ ሥራው ተራ ቢሆንም። ጸሐፊነቱንም ትቼ ወደ ሥዕል ተመለስሁ። እጄ በዚያ ዋሻ ውስጥ በሰለ ብዬ አልዋሽም። ሁለቱን ሥዕሎች ቆይቼ ስመለከት የእመቤታችን የቀኝ እጅ ከልኩ ረዝሟል፤ የቢሻውም መዶሻ ጠማማ ነው። ነገር ግን ከሣልኋቸው ሁሉ ሰው ያነሣቸው እነዚያን ነው። አንተ አንባቢ፣ አንቺም አንባቢ፣ በየሣጥናችሁ ያለውን አላውቅም። ሐር ሊሆን ይችላል፣ ክር ሊሆን ይችላል፣ ከአባት የተረፈ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥኑን ስትከፍቱ ሁልጊዜ እንደ አስቀመጣችሁት አታገኙትም።

የእመቤታችን ሥዕል በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በየዓመቱ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ትገለጣለች። ተአምር ነው የሚሉ አሉ። ገበዙ ሲጠየቁ ግርጌዋን ያነባሉ እንጂ ሌላ አይጨምሩም። የቢሻውን ሥዕል ቢሻው ራሱ ወሰደው።

እግሩን የመንደሩ ወጌሻ እንደገና ሰብሮ አቀናው። መስከረምንና ጥቅምትን ተኝቶ አሳለፈ፤ ኅዳር ላይ በሁለት ዱላ ቆመ። በጥር፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በፊት፣ ጠዋት ከቤቱ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጋፋት ገባ። በእግሩ ነው የሄደው።